ለመንሸራተት የተገዛ መኪና

ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። አብዛኛውን ዘመን በአሰብ መንገድ በኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደግሞ በጅቡቲ መስመር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤት ስወጣ ጸሎቴ አንድ ነበር፤ "አምላኬ ሆይ፣ ከመንሸራተት ሰውረኝ" የሚል። ታዲያ ጡረታ ወጥቼ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ መጥቶ ፊቴ ቆመና "አባባ፣ የሚንሸራተት መኪና ግዛልኝ" ሲለኝ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት።

"የማይንሸራተት ማለትህ ነው?" አልኩት።

"አይደለም። የሚንሸራተት። ድሪፍት ነው የሚባለው።"

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የአንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያላት መኪና፣ ጭራዋን ወደ ጎን ጥላ፣ የፊት ጎማዎቿን በተቃራኒው አዙራ፣ ልክ ወለሉ ላይ ዘይት እንደፈሰሰ ሁሉ ኩርባውን ተንሸራታ ታልፋለች። አንድ ጎልማሳ ሰው ሪሞቱን ይዞ ቆሞ ይነዳታል። "ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም?" አልኩ። ልጁ አልሳቀም።

እዚህ ላይ የቤታችንን ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ለአንድ መጫወቻ ይህን ያህል የደከምኩበት ምክንያት አይገባችሁም። የልጁ እናት፣ የመጨረሻ ልጄ፣ ዱባይ ከሄደች አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው፤ አሁን አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆናለች። ልጁን በሰባት ዓመቱ ለእኔና ለባለቤቴ ሰጥታን ሄደች። በየእሑዱ ማታ ትደውላለች። እሱም ስልኩን ይቀበልና "ደህና ነኝ፤ በልቻለሁ፤ እሺ፤ ቻው" ብሎ ለአያቱ ይመልሳል። ሌላ የለም። ባለቤቴ "ምን በደለችህ፣ እናትህ እኮ ናት" ስትለው ደብተሩን ይገልጣል። እናቱ ከዚያ ለብቻዬ ትደውልልኝና ታለቅሳለች። እና ይህ ልጅ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ሲል፣ ለእኛ ቤት ትልቅ ወሬ ነው።

እኔም እንደማንኛውም አያት ቸኮልኩ። በማግስቱ መርካቶ ወረድኩና ካርቶኑ ላይ በትልቁ "ድሪፍት" የሚል የተጻፈበት፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ከኋላው ጭስ የሚመስል እንፋሎት የሚተፋ መኪና ገዝቼ ገባሁ። ልጁ አመሰገነኝ፤ ሳመኝም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አየሁት።

"ምነው?"

"አባባ፣ መሪው ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ።"

ወስጄ ሞከርኩት፤ እውነቱን ነው። ቁልፉን ስትነኩት ጎማው እስከ መጨረሻው ይዞራል፤ ስትለቁት ይመለሳል። መሐል የሚባል ነገር አያውቅም። ነዳጁም እንደዚያው፤ ወይ ይበራል ወይ ይቆማል። እስቲ ሹፌሮች ፍረዱኝ፣ እንዲህ ያለውን መኪና ማን ይነዳዋል? በአራተኛው ቀን ደረጃ መታና የመሪው ጥርስ ተሸረፈ። ይዤው ወደ ሱቁ ብመለስ ባለሱቁ ሳቀብኝ። "አባት፣ ይሄ ዕቃ እኮ መለዋወጫ የለውም። ሌላ ይግዙ" አለኝ። ሌላ አልገዛሁም።

ያዳነን ጎረቤታችን ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ የምህንድስና ተማሪ ነው። የተሰበረውን መኪና በካቻቢቴ ከፍቶ አሳየንና "ጋሼ፣ ይህ መጫወቻ ነው። ልጁ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው" አለ። ልዩነቱን በሁለት ነገር አስረዳን። አንደኛ፣ በትክክለኛው መኪና ላይ ሪሞቱን ትንሽ ብታዞሩት ጎማው ትንሽ ይዞራል፣ ብዙ ብታዞሩት ብዙ ይዞራል፤ መሪውን የምታዞረው ትንሽ ሞተር ሰርቮ ትባላለች። ነዳጁም በጣታችሁ ልክ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ የፕላስቲክ ክንድ ለብቻው ይሸጣል፤ ሲሰበር ይቀየራል። ይህ ሁለተኛው ለእኔ በቂ ነበር። መለዋወጫ የሌለው መኪና መኪና አይደለም፤ ይህን ማንም የአሰብ ሹፌር ይነግራችኋል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ምሽቶች ተማሪው እየመጣ ብዙ አስተማረን። ድሪፍት የሚባለው አነዳድ ያደገው ጃፓን ውስጥ፣ ጠመዝማዛ በሆኑ የተራራ መንገዶች ላይ ነው። ኬይቺ ሱቺያ የሚባል የእሽቅድምድም ሹፌር ስሙን ያገነነው በዚህ ነው፤ "የድሪፍት ንጉሥ" ይሉታል። የነዳትን መኪና ፎቶ ሲያሳየኝ ግን ቁጭ ካልኩበት ተነሣሁ። የቶዮታ ኮሮላ ዘር ናት፤ እ.ኤ.አ ከ1983 እስከ 1987 የተሠራች፣ ኤኢ 86 የምትባል። "ይቺማ የዲኤክስ ታናሽ እህት ናት!" አልኩ። በእርግጥም ናት። አዲስ አበባ የምትወዳት ዲኤክስ የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ የመጡት አብዛኞቹ ኮሮላዎች የፊት እግር ሳቢ ሲሆኑ፣ ይቺ 86 ግን የእናቷን ጠባይ ይዛ ቀረች። በኋላ እግሩ የሚሄድ መኪና ነው ጭራውን መጣል የሚያውቀው።

ትንንሾቹ የሪሞት መኪናዎችም የእነዚህ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ሆነው ነው የሚሠሩት። ታሚያና ዮኮሞ የጃፓን፣ ኤምኤስቲ የታይዋን ስም ነው። ጎማቸው ላስቲክ አይደለም፤ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ መሬት እንዳይዝ ሆን ተብሎ የተሠራ። ስለዚህ የሚነዱበት ወለል ለስላሳ መሆን አለበት። ሻካራ አስፋልት ፕላስቲኩን ቶሎ ይበላዋል። ዕድሜ ለጣሊያኖች፣ እኛ አገር ሊሾ የሚባል ነገር አለ።

ለእናቱ ነገርኳት። በሳምንቱ ከዱባይ ፎቶ ላከች፤ አሉሚኒየሙ የሚያብረቀርቅ፣ ጌጥ የመሰለ ነገር። ዋጋው ከ2,000 ድርሃም በላይ። ለተማሪው ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ አጽሙ ብቻ ነው። ሞተሩ፣ ሪሞቱ፣ ሰርቮው፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ቦዲው ሁሉም ለብቻ ነው የሚገዛው። ተበታትኖ ነው የሚመጣው፤ መግጠም የለመደ ሰው ዕቃ ነው" አለ። ለጀማሪ የሚሻለው ተገጥሞ፣ ሪሞቱም አብሮት የሚመጣው ነው፤ ዋጋውም ከዚያ በጣም ያነሰ።

እሑድ ማታ ይህንኑ ነገርኳት። አልሰማ አለች። "አባዬ፣ ገንዘቡን እኔ ነኝ የማወጣው። ጥሩውን ልግዛለት። ሌላ ምን አድርጌለት አውቃለሁ?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ባልተናገርኩት የምለውን ተናገርኩ። "አምስት ዓመት በ2,000 ድርሃም አይሞላም" አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ዝም አለች። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ በዓይኗ ቀጣችኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ልጁ መጣና ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ለካ ሁሉንም ሲሰማ ነበር።

"እማዬ፣ ውዱን አትግዢው" አላት። "ውድ ከሆነ እፈራለሁ። እንዳይጋጭብኝ ብዬ አልነዳውም፤ ቁምሳጥን ላይ ነው የማስቀምጠው። የሚሰበረውን ግዢልኝ።"

ቆጠርኩ። ከአራት ቃል በላይ ነው።

የዚያን ማታ ስልኩ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና አራታችንም ክርክር ገባን። እኔ አራቱም እግሩ የሚጎትት ይገዛ ባይ ነበርኩ። እንዲህ ያለው አለ፤ ታሚያም ይሠራል። ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይቀላል፣ ጀማሪን ቶሎ አያዞርም፣ ጎማውን በላስቲክ ቀይረው እንደ ተራ መኪና መንዳትም ይቻላል። አሁንም ቢሆን ልጃቸው ገና ስምንት ዘጠኝ ዓመቱ ለሆነ፣ ወይም ደጃቸው ላይ ለስላሳ ወለል ለሌላቸው ወላጆች ይህንኑ ነው የምመክረው። ልጁ ግን የኋላ እግሩን ነው የፈለገው። ተማሪው እንደነገረው፣ ዛሬ ድሪፍት የሚነዱት አብዛኞቹ በኋላ እግር ነው፤ ጭራው አምልጦ መኪናው እንዳይዞር የሚረዳ ጋይሮ የሚባል ትንሽ ዕቃ ስለተጨመረላቸው። ጋይሮ መኪናው ምን ያህል እየዞረ መሆኑን ይለካና መሪውን በራሱ ወደ ተቃራኒው ይመልሰዋል። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም፤ ሌላ ሰው መሪ ሲይዝልኝ አልወድም። "ይሄ እኮ ማታለል ነው" አልኩ።

"አባባ፣ ያንተ ኤንትሬ በየትኛው እግሩ ነበር የሚሄደው?"

"በኋላው።"

"ታዲያ?"

እናቱ ከዱባይ ሳቀች። ተሸነፍኩ።

መኪናው ከሦስት ሳምንት በኋላ በሰው እጅ መጣ። ካርቶኑን ስንከፍት ሁሉም ነገር አለ፤ ባትሪው ግን የለም። ያመጣልን ዘመዳችን ባትሪውን ከመኪናው ጋር ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነበር የከተተው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስወጡት። ጥፋቱ የእኛ ነው። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በጭነት ሻንጣ አይሄድም፤ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ተሸፍነው ነው የሚያዘው። ልጆቻችሁ ከውጭ እንዲህ ያለ ነገር ሲልኩ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሌላ ተጓዥ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ቆየን። እነዚያ ሦስት ሳምንቶች፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጉዳዩ ዋና ጊዜ ነበሩ። መኪናው ስለማይሄድ ልጁ ሊነዳው አልቻለም፤ ስለዚህ ፈታነው። በየማታው ትምህርቱን ሲጨርስ ባለቤቴ የቡና ረከቦቷን ታነሣልንና እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር እንፈታለን፤ የፈታነውን መልሰን እንገጥማለን። የኋላውን ዲፈረንሻል ባየው ተቆልፏል። እኛ ጭቃ ውስጥ ስንገባ ሁለቱም እግር እኩል እንዲዞር የምንመኘውን፣ እነሱ ሁልጊዜ አድርገውታል፤ ጭራው ቶሎ እንዲለቅ ነው። የፊት ጎማዎቹ ደግሞ የሚዞሩበት ልክ ጉድ ነው፤ በእኔ መኪና ቢሆን ኖሮ መንገድ ትራፊክ ያግደኝ ነበር። አንዱን ብሎን ጠፍቶብን ሁለት ማታ ምንጣፍ ስናራግፍ ከረምን። ባለቤቴ ሽሮ ውስጥ አገኘችው። እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ አናውቅም።

እናቱ እሑድን መጠበቅ ተወች። በየሁለት ቀኑ መደወል ጀመረች፤ ሰበቡ "ባትሪ የሚያመጣ ሰው አገኘሁ፤ አላገኘሁም" ነው። ልጁም የፈታውን እያነሣ በካሜራው ያሳያታል። "ይሄ ምንድነው?" ትለዋለች። ይነግራታል። ስሙን ስትሳሳት ያርማታል።

በዚህ መሐል የባትሪውን ዓይነት ቀየርን። ሁለት ዓይነት አለ። ሊቲየሙ፣ ሊፖ የሚሉት፣ ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት። ግን ጠባይ አለው፤ ከልክ በላይ ከሞላ ወይም ከተበሳ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፣ እስኪያልቅ ከተነዳ ይበላሻል፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥም ግማሽ ያህል ሞልቶ ነው። ኒኬሉ፣ 7.2 ቮልት፣ ከበድ ይላል፣ ጉልበቱም ያንሳል፤ ነገር ግን የልጅን ስህተት ይችላል። ቻርጀራችን ለሁለቱም የሚሆን ስለነበር "ኒኬሉን ላኪ" አልኳት። የተነጠቅነውን ባትሪ እንደ በረከት ቆጠርኩት። ያም ሆኖ ሲሞላ ሰው ከአጠገቡ አይለይም፤ የሚሞላውም ባለቤቴ ለጣለችው ስንጥቅ ምጣድ ላይ ተቀምጦ ነው። ማታ ተሰክቶ አይታደርም።

ባትሪው በመጣ በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ የዕድራችንን አዳራሽ ቁልፍ ለመንኩ። ድንኳንና ወንበር የሚከማችበት ነው፤ ወለሉ ግን የድሮ ሊሾ፣ መስታወት በሉት። ዳኛው "ለምን ጉዳይ ነው?" ሲሉኝ "ለልጅ ጉዳይ" አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

ተማሪው መጀመሪያ ያደረገው መኪናውን ማንሣት ነው። ቅደም ተከተሉን አስተማረን፤ መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ መኪናው፤ ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ መኪናው፣ ከዚያ ሪሞቱ። ከዚያ መኪናውን በእጁ አንጠልጥሎ ጭራውን ወደ ቀኝ ወዘወዘው። የፊት ጎማዎቹ በራሳቸው ወደ ቀኝ ዞሩ። ወደ ግራ ሲወዘውዘው ወደ ግራ። "ጋይሮው ትክክል ነው። ወደ ተቃራኒው ቢዞር ኖሮ ተገልብጦ ነው የተስተካከለው፤ ወለል ላይ ስታስቀምጡት እንደ እንዝርት ነበር የሚሾረው" አለ።

እኔ ግን ጎማዎቹን እያየሁ ደንዝዤ ቀረሁ። ጭራው ወደ ሄደበት፣ መሪህን ወደዚያው። ይህ እኮ የእኔ ትምህርት ነው።

ልጁ ወለሉ መሐል አንድ ወንበር አቁሞ ዙሪያውን ሊዞር ሞከረ። ዞረበት። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ዞረበት። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ እንደ ወባ በሽተኛ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ተማሪው የጋይሮውን ኃይል ቀነስ አደረገውና ቆመ። አሁንም ግን መኪናው ግማሽ ክብ ይሄድና ጀርባውን ይሰጣል። የልጁ ከንፈር ሲጠብ አየሁት። እናቱ በስልኩ እያየች ናት፤ ስልኩን ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ አስደግፈነዋል።

"ነዳጁን ስትፈራ ድንገት ትለቀዋለህ" አልኩት። "አትልቀቀው። ስትለቀው ነው የሚዞርብህ። ቀስ ብለህ፣ እኩል አድርገህ ያዘው።"

"አንተ በምን አወቅክ?"

እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ለባለቤቴም በቅጡ ያልነገርኳትን ነገርኩት። በ1979 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከአሰብ ማዳበሪያ ጭኜ፣ ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማ በርን ዳገት እየወጣሁ ነው። ሌሊት፣ ዝናብ፣ ያ የጣርማ በር ጉም። ከተራራው የወረደ ጭቃ አስፋልቱን አልብሶታል፤ አላየሁትም። የኋላ እግሩ ወደ ገደሉ ከዳኝ። ረዳቴ በሩን ከፍቶ ሊዘል እግሩን አወጣ። እኔ ፍሬን አልነካሁም። መሪውን ጭራው ወደ ሄደበት፣ ወደ ገደሉ ነው እንግዲህ፣ አዞርኩት፤ ነዳጁንም እንደያዝኩት ያዝኩት። እጅ እንቢ ይላል፤ ገደል ወደሚታይበት መሪ ማዞር ተፈጥሮ አይደለም። ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ ተንሳፈፍን። ከዚያ ጎማው ደረቅ ነገር ያዘና ቀጥ አለ። ከላይ ስደርስ አቁሜ ወርጄ ጉልበቴ አልቆም ብሎኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከስልኩ የልጄ ድምፅ መጣ። "አባዬ፣ 1979 እኮ እኔ የተወለድኩበት ዓመት ነው።"

"የሦስት ወር ልጅ ነበርሽ" አልኳት።

"ለምን ነግረኸን አታውቅም?"

ምን ልበላት? መንገድ ላይ ያለ ሰው ቤቱ ያሉትን ላለማስጨነቅ "ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ" ነው የሚለው። እሷም ከዱባይ ስትደውል የምትለን ይህንኑ ነው። ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን አየ። ከዚያ ሪሞቱን አነሣ።

በዚያን ቀን ሁለት ባትሪ ጨረስን። በመጀመሪያው ማለቂያ ላይ ወንበሩን አንድ ሙሉ ዙር ዞረው፤ በሁለተኛው አራት ዙር ሳያቋርጥ፣ ጭራው ወጥቶ፣ የፊት ጎማዎቹ ወደ ውጭ እያዩ። በግራ ብቻ ነው፤ በቀኝ አሁንም ይዞርበታል። እኔም ሞክሬ ከድንኳኑ እንጨት ጋር አጋጨሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳላጋጭ ኖሬ! የፊት ክንዱ ተሰበረ። ልጁ አልተቆጣም፤ ይልቁንም ደስ ያለው መሰለኝ።

ማታ እናቱ ስትደውል በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ በመስኮቱ ይሰማኛል። ልጁ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች በወረቀት ጽፎ እያነበበላት ነው። የፊት ክንድ ሁለት፣ አንዱ ለአባባ ብሎ አስመዘገበልኝ። የኋላ ጎማ አንድ ጥንድ። የሞተሩ ትንሿ ጥርስ፤ የጥርሷን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደገማት። አንድ መለዋወጫ ባትሪ።

"እሺ፣ የሚመጣ ሰው ፈልጌ እልክልሃለሁ" አለችው።

ትንሽ ዝም አለ።

"ሰው አትፈልጊ" አላት። "ራስሽ ይዘሽው ነይ። ባትሪውን ግን በእጅ ሻንጣ ነው፤ እንዳትረሺ።"